ከወይራ ባሕር መዝገብ የቀረ ስም

«ልጆችዎ ስንት ናቸው፣ እናቴ?»

አቻምየለሽ ይህን የተጠየቀችው በገዛ ግቢዋ ነው። ጠያቂዋ ከማዘጋጃ ቤት የመጣች ዮርዳኖስ የምትባል ወጣት መሐንዲስ ነበረች። ጫማዋን ጭቃ በልቶት፣ ታብሌቷን በክንዷ አቅፋ፣ ከደጃፉ ቆማ ትጠብቃለች። ከጎኗ የቀበሌው ሊቀመንበር አያ ገነነ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከዚያ በፊት ልጅቱ የቤቱን ቆርቆሮ ጠይቃ ነበር፤ ባሕር ዛፉን፣ ጌሾውን፣ የከብቱን በረት ጠይቃ ነበር፤ አቻምየለሽም ሁሉንም እየዞረች አሳይታታለች። ነገሩ ልጅ ላይ ሲደርስ ግን ምላሷ ተሳሰረ።

«እግዜር ያውቃል» አለች በመጨረሻ።

መሐንዲሷ ፈገግ አለች። «እሱማ ያውቃል። እኔ ግን ካልነገሩኝ አላውቅም። አብረውዎት የሚኖሩትን ብቻ ነው የምጠይቅዎት።»

ወዲያው ልጇ ሰብሊ ጀሪካኗን አዝላ ከውሃው ዳር ብቅ አለች። አቻምየለሽ በአገጯ አመለከተቻት።

«ይችው ናት።»

«ሌላስ የለም? ያ ታንኳ የሚቀዝፈው ልጅ ጠዋት ከዚህ ቤት ሲወጣ ያየሁት መስሎኝ ነበር።»

ከባሕሩ መካከል ከደንገል የታሰረች ታንኳ ትታያለች። ባምላኩ ነጠላ ያጣፉ ሦስት ሰዎች ጭኖ፣ ከማዶ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን እያሻገረ ነበር። የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ሲቀዝፍ ውሃው እንኳ አይንቦጫረቅም።

«የጎረቤት ነው» አለች አቻምየለሽ።

አያ ገነነ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ መለሱ። ባምላኩ ክርስትና ሲነሣ ከድግሱ የበሉ ሰው ናቸው፤ የማን ልጅ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ነገር ግን እናት የሸሸገችውን ልጅ በእንግዳ ፊት «ያውና» ብሎ ማጋለጥ በዚያ አገር ነውር ነው። ዮርዳኖስም የሰማችውን አስገብታ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈች።

ወይራ ባሕር ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ጀርባ የተኛ ውሃ ነው። ውሃው የከተማው ነው፤ ቧንቧውም የተጠለፈው ከዚያው ነው። በዳሩ ዐሥራ አንድ ቤቶች ነበሩ፤ ከኋላቸው ማሳቸው፣ ከፊታቸው ደንገሉ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እሑድ እሑድ ከቡሬ በባጃጅና በሚኒባስ የሚመጣው ወጣት በዛ። ሙዚቃውን ይከፍታል፣ ፎቶውን ይነሣል፣ የላስቲክ ጠርሙሱን በትኖ ይሄዳል። ሙሽሮች ሳይቀሩ በሚዜ ታጅበው እየመጡ የሰው ሽንብራ ረግጠው ፎቶ መነሣት ጀመሩ። እንግዲህ ማዘጋጃ ቤቱ መከረና ዳሩን መናፈሻ ላደርገው ነው አለ። ውሃውን የሚዞር የእግር መንገድ፣ ጥላ ያለው መቀመጫ፣ የዓሣ ቤት፣ የጀልባ መነሻ። ከውሃው ጠርዝ ሃምሳ ሜትር ድረስ ያለው ቤት ይነሣል፤ ሰዉ ከላይ ከኮረብታው ላይ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል።

ሕዝቡ ተሰብስቦ ሲመክር ፕላኑ በሰፊ ወረቀት ተዘርግቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ለመሆኑ ከብቶቻችን ትኬት ቆርጠው ነው የሚጠጡት?» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ዮርዳኖስ ግን አልሳቀችም። በወረቀቱ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አሳየቻቸው፤ የከብት መውረጃ ናት። ስፋቷ የወጣው በየቤቱ ከተነገረው የከብት ብዛት ነው አለች። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በየቤቱ የተነገረው ካለው ግማሹን አይሞላም ነበርና። ከብቱን ቆጥሮ ለባዕድ የሚናገር ማን አለ? ዘርዛሪ አይበረክትለትም።

የአቻምየለሽ ፍርሃት ግን ከከብት ያለፈ ነበር።

በወጣትነቷ አራት ልጆች ነበሯት። አንድ ዓመት ለወባ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች መጥተው፣ «በቤቱ ስንት ልጅ አለ?» ብለው ቢጠይቋት፣ ደረቷን ነፍታ፣ እየሳቀች፣ ጣቷን እያጠፈች «አራት!» አለች። አማቷ ወለተ ሥላሴ ከመደቡ ላይ ሆነው ሰሟት። በዚያው ዓመት ከመስቀል እስከ ኅዳር ሚካኤል ባለው ጊዜ ሦስቱ በወባ ሞቱ። አራተኛዋ እስከ ጥር ቆይታ ተከተለቻቸው። የመጨረሻዋ የተቀበረች ዕለት አማቷ አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፦ «ቆጠርሻቸው።» ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ እስኪሞቱ ድረስ ነገሩን አላነሡትም፤ ግን ጥፋቱን ከላይዋ አላነሡላትም።

ባምላኩ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ገና ከማሕፀን ሲወጣ ለጎረቤት ሴት በመስኮት አቀበለችው፤ ሴትየዋም በበር ይዛው ገባች፤ ልጁ የሷ እንጂ የአቻምየለሽ እንዳልሆነ ሞት እንዲሰማ። እስከ ሰባት ዓመቱ በሴት ልጅ ቀሚስ አሳደገችው። ለማታውቀው ሰው «ልጄ ነው» ብላ አታውቅም። «የጎረቤት ነው» የሚለው ቃል ከአፏ የሚወጣው ሳታስበው ነበር፤ ልክ እንቅፋት ሲመታት «በስመ አብ» እንደምትለው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሰብሊ ተወለደች። ለሷ ያን ያህል አልተጨነቀችም። ባምላኩ በደኅና እያደገ ስለ ነበር ሞት የረሳት መስሏት ነበር።

መዝገቡ ለምን እንደሚሆን ያን ዕለት ዮርዳኖስም በውል አታውቅም ነበር። በየካቲት ግን ተነገረ። በመናፈሻው ላይ ጀልባ የሚቀዝፉ፣ ትኬት የሚሸጡ፣ ሻይ ቤቱን የሚይዙ፣ ዛፉን የሚንከባከቡ፣ ከተነሺ ቤተሰቦች መካከል የተመዘገቡት ወጣቶች ናቸው። በማኅበር ይደራጃሉ። ከማኅበሩ ውጭ ማንም በባሕሩ ላይ መሥራት አይችልም። የደንገል ታንኳ ለሰው ሕይወት አስተማማኝ ስላልሆነ ከግንቦት ጀምሮ ይቀራል። ዝርዝሩ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቅሬታ ያለው በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ያቅርብ።

ባምላኩ ይህን በሰማ ጊዜ ደስታውን መደበቅ አቃተው። «እማ፣ እንግዲህ ሞተር ያለው ጀልባ ይሰጡናል። ከኔ ይልቅ ይህን ውሃ የሚያውቅ ማን አለ? ድንጋዩ የት እንደተደበቀ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ!» እያለ ይስቃል። ማሳቸው ከሃምሳው ሜትር ውስጥ ስለሚገባ እርሻ የለውም፤ ያለው ውሃው ብቻ ነው።

አቻምየለሽ ዝርዝሩን ራሷ ነው ያነበበችው።

ያን ሰሞን ሁለተኛ ዓመቷን የጎልማሶች ትምህርት ትማር ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ምሕረት የምትባል መምህርት ታስተምራቸዋለች። ተማሪዎቹ አብዛኛዎቹ ሴቶች ናቸው። አቻምየለሽ ከሁሉም ትጉ ናት፤ ከሁሉም ትጨነቃለች። አንድ ፊደል ስትስት ላብ ያሰምጣታል። ጓደኛዋ ሸጋዬ፣ «ተይው እንጂ፣ የቅኔ ዘራፊ ልትሆኝ ነው እንዴ?» እያለች ታሾፍባታለች። አቻምየለሽ ግን የምትማርበት ምክንያት ነበራት። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ክንዱ የሚባለው ባሏ በሞተበት ሕመም ተኝቶ ሳለ፣ የሰብሊን የጋብቻ ወረቀት አምጥተው አውራ ጣቷን ቀለም ነክረው አስፈርመዋታል። ወረቀቱ ልጅቱ ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው ይላል። ልጅቱ ዐሥራ አምስት ነበረች። በሦስተኛው ዓመት ሰብሊ ፊቷ ጠቁሮ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ትዳሯን ትታ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ያን ጊዜ ነው አቻምየለሽ፣ «ከእንግዲህ የማላውቀው ወረቀት ላይ ጣቴን አላሳርፍም» ብላ ፊደል የቆጠረችው።

ዝርዝሩ የተለጠፈ ዕለት ከትምህርት ሲወጡ ከሸጋዬ ጋር ወደ ቀበሌው ሄዱ። ሰዎች ወረቀቱን ከበው ያነብባሉ። አቻምየለሽ ተጠግታ ጣቷን ከመጀመሪያው ረድፍ ላይ አኖረችና ወረደች። በሰባተኛው ላይ ስሟን አገኘችው። አቻምየለሽ ውቤ። ከመጽሐፏና ከደብተሯ ውጭ ስሟ ተጽፎ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ቀጥሎ፦ የቤተሰብ ብዛት፣ ሁለት። ቀጥሎ፦ በማኅበር የሚደራጅ ወጣት፣ ሰብሊ ክንዱ።

ጣቷ ወደ ታች ወረደ። የሚቀጥለው ረድፍ የሌላ ሰው ነው።

ስታነብ የተሳሳተች መሰላትና ከላይ ጀመረች። እንደገና አነበበች። ሦስተኛ ጊዜ ሸጋዬን፣ «እስቲ አንች አንብቢልኝ» አለቻት። ሸጋዬ አነበበችላት። አልተሳሳተችም ነበር። በሁለት ዓመት ትምህርቷ አንዲትም ሳትስት ያነበበችው የመጀመሪያው ወረቀት ያ ነው።

«ምነው እቴ፣ ምን ሆንሽ?» አለች ሸጋዬ።

«የጎረቤት ነው አልኳት።»

«ለማን?»

«ለመሐንዲሷ። ባምላኩን።»

ሸጋዬ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። እሷም ሁለት የቀበረች እናት ናትና ለምን እንዲህ አልሽ ብላ አልጠየቀችም።

አቻምየለሽ ከዚያው ወደ አያ ገነነ ቤት አመራች። ሽማግሌው ከበረቱ ዳር ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። ሲያይዋት የመጣችበትን አወቁት።

«ያን ዕለት ቢናገሩ ምን ነበረበት፣ አያ ገነነ?» አለች።

«አንች ያልሽውን እኔ ላፍርስ? ልጁ ነገ ራሱን ቢያመው፣ ገነነ ናቸው ያጋለጡት ብለሽ የምታለቅሽው በኔ ላይ አይደል?» ገመዱን አስቀመጡት። «ክፉ መስሎኝ አይደለም ዝም ያልኩት። ያከበርኩሽ መስሎኝ ነው።»

እውነታቸውን ነው።

«ነገሩ ግን ቀላል ነው» አሉ ሽማግሌው ቀጥለው። «ዮርዳኖስን አነጋግሬያታለሁ። የጀልባውና የሻይ ቤቱ ቦታ በሰው ልክ ተቆርጧል፤ ሃያ ሁለት ነው፤ መጨመር አይቻልም። መተካት ግን ይቻላል። ከአንድ ቤት አንዱን አውጥተሽ ሌላውን ብታስገቢ ማንም አይቃወምሽም። ቅጽ አለ፤ አንድ መስመር ነው። ሰብሊን አውጫት፣ እሱን አስገቢው። እሷ ሴት ናት፤ ከገበዝ ማርያም ያ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮባታል። ቤት ይጠብቃታል። ወንዱ የት ይገባል?»

ቤቷ ስትደርስ ሁለቱም ልጆቿ ደጃፍ ነበሩ። ባምላኩ የታንኳውን ደንገል ያጠብቃል፤ ሰብሊ ምስር ትለቅማለች። አቻምየለሽ መደበቅ አልቻለችበትም፤ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። ቆጠራውን፣ ያለችውን፣ ያነበበችውን፣ አያ ገነነ ያሉትን።

ባምላኩ እጁን ከደንገሉ አነሣ።

«በባሕሩ ላይ ሆኜ» አለ፣ «በዓይንሽ እያየሽኝ?»

«ፈርቼልህ ነው፣ ልጄ።»

«እያየሽኝ የጎረቤት ነው አልሽ።» ገመዱን ጎተተና አጠበቀው። «እሽ። ያለፈው አለፈ። ቅጹን ሙይ። ሰብሊ፣ አንች ደግሞ አትቀየሚኝ፤ አንች እንደሁ ዛሬም ባይሆን ነገ ትዳር አለሽ። እኔ ከዚህ ውሃ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ሰብሊ ምስሩን ከሰፌዱ ላይ ማበጠሯን አላቆመችም። «ተሰርዤ ገበዝ ማርያም ልውረድልህ? ሰውየው የአባቴ እኩያ ነው። አንዴ ሄጃለሁ፣ ወንድሜ። አንዴ ይበቃኛል።»

«እንግዲያ እኔ ልሂድ?»

«እኔ ሂድ አላልኩም።» ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች፤ ድምጿ ዝቅ አለ። «እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሱን ለመቁጠር ፈራሽ። እኔን ስትቆጥሪኝ ግን አልፈራሽም?»

ሰብሊ ሰፌዱን አንሥታ ወደ ቤት ገባች።

በማግስቱ አቻምየለሽ በባምላኩ ታንኳ ማዶ ተሻገረች። የነፍስ አባቷን ቄስ ክንፈሚካኤልን ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። መስቀል ተሳልማ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው።

«አባቴ፣ ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር ሕዝቡ አልተቀሠፈም?»

«ተቀሥፏል» አሉ ቄሱ። «ግን የተቀሠፈው ዳዊት ብዛቴን ልይ ብሎ ስለታበየ ነው። እመቤታችንስ ቤተ ልሔም የወረደችው ለምን ነበር? ልትቆጠር አይደለም? ነፍሰ ጡር ሆና፣ ሥራዬ ብላ ሄዳ ስሟን አላስጻፈችም? ጌታም የተወለደው በዚያው በቆጠራው መንገድ ላይ ነው። ልጆችሽን ወባ ነው የገደላቸው፣ አቻምየለሽ። አፍሽ አይደለም።»

ይህን ሃያ አምስት ዓመት ማንም አልነገራትም ነበር። መሬቱን እያየች አለቀሰች። ቄሱ እስክትጨርስ ጠበቋት።

«ከሁለቱስ የትኛውን ልሰርዝ?» አለች እንባዋን ጠርጋ።

ቄስ ክንፈሚካኤል መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡት። «ስለ መቆጠሩ መጽሐፍ አለኝ፤ መለስኩልሽ። ስለ መሰረዙ ግን የማነብልሽ የለኝም። ያንንስ ሁለቱንም ወልደሽ ያሳደግሽ አንች ታውቂያለሽ።»

የቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ የተሰበሰበው በዐሥራ አራተኛው ቀን ነው። የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ብዙው ሰው የመጣው ለከብት መውረጃው ነው፤ አንዱ በሬዬ ሦስት ነው ብዬ ነበር፣ ሰባት ነው እያለ፣ ሌላው ላሞቹን እየጨመረ፣ ዮርዳኖስ ራሷን ይዛ ትጽፋለች። አንድ ጎልማሳ፣ «ትናንት ደብቀን ዛሬ ስንጨምር ዘመቻ ወጥተን የማረክን እንመስላለን» ሲል አዳራሹ በሳቅ ሞላ። መውረጃውን ማስፋት ይቻላል ተባለ፤ መሬቱ አለ።

ከዚያ አቻምየለሽ ተጠራች።

ኮሚቴውን የሚመሩት እጅጉ የሚባሉ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ቅጹን ከፊቷ አደረጉላት። «ጉዳይሽን አያ ገነነ ነግረውናል። ቀላል ነው። ከዚህ ላይ የልጆች ብዛት፣ ከዚህ ላይ የሚወጣው ስም፣ ከዚህ ላይ የሚገባው ስም። ጣትሽን እዚህ ታሳርፊያለሽ።»

«በእጄ እጽፋለሁ።»

ሰውየው እስክሪብቶ ሰጧት። ባምላኩ በግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። ሰብሊ በሩ አጠገብ ናት፤ አንድ እግሯ ከውስጥ፣ አንድ እግሯ ከውጭ። መምህርቷ ምሕረትም ከኋላ ተቀምጣ ነበር።

አቻምየለሽ ከብዛቱ ሳጥን ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከአዳራሹ ውስጥ የሚያስል ሰው ይሰማል። ቀና አለችና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ «ሁለት ናቸው» አለች። «ባምላኩ ልጄ ነው። የጎረቤት አይደለም። እኔ ነኝ የወለድኩት። አራት ደግሞ ከማዶ ከሚካኤል ተቀብረዋል።» ከዚያ ቁጥሩን ጻፈችው።

ቀጥላ የሚገባው ስም ወደሚለው ሄደች። ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ አንድ በአንድ እየሣለች፣ ባምላኩ ክንዱ ብላ ጻፈች። «ም» ትንሽ ተጣመመባት፤ አላስተካከለችውም።

የቀረችው አንዲት ሳጥን ናት። የሚወጣው ስም።

እስክሪብቶው ከወረቀቱ በላይ ቆየ። አቻምየለሽ ልጆቿን አላየችም፤ ብታያቸው ከሁለቱ አንዱን የምትመርጥ መሰላት። ሰብሊ ከደጃፍ የጠየቀቻትን ነገር አሰበች። ያን የጋብቻ ወረቀት አሰበች፣ ቀለሙ በአውራ ጣቷ ላይ ሁለት ቀን እንዴት እንደቆየ። ባምላኩን በዓይኗ እያየችው በአፏ የሰረዘችውንም አሰበች። ከዚያ እስክሪብቶውን በቀስታ ከጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የሚገባውን ጽፌያለሁ» አለች። «የሚወጣ ግን የለኝም።»

አቶ እጅጉ ቅጹን አዙረው አዩት። «እንዲህማ አይሆንም። ካልወጣ አይገባም። ቦታው ተቆጥሯል።»

«አውቃለሁ።»

«ወንዱ ልጅ ሥራ አጥቶ ሊቀር ነው እኮ፣ እናት!»

«አውቃለሁ ጌታዬ። በሱ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያጠፋሁትን ግን ከእህቱ ቀምቼ አልከፍለውም።» ዮርዳኖስን አየቻት። «እኔ ምትክ ቦታ ተሰጥቶኛል። የኔን በሱ ስም አድርጉለትና እኔና ሰብሊ ከሱ ቤት እንጠጋለን።»

ዮርዳኖስ ዓይኗ ቀልቷል። «ቦታው ቤት መሥሪያ ነው እናቴ፣ ለሱ ቢያደርጉት ሕግ አይከለክልም። ከባሕሩ ላይ ግን ሥራ አይሆነውም። ለሃያ ሁለቱ ነው የተፈቀደው። ጠይቄያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ።»

አያ ገነነ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሰው ሁሉ የሚናገሩ መሰለው። ሽማግሌው ግን ዱላቸውን አንሥተው ወጡ።

አቻምየለሽ ከቅጹ ሥር በፊደል ስሟን ጽፋ ፈረመች። ኮሚቴው ተመካከረና ዝርዝሩ እንደነበረው ይጽና አለ። ከመዝገቡ ጋር ግን ቅጹ እንዲያያዝ አዘዙ፤ የባምላኩ ስም በእናቱ እጅ ጽሕፈት፣ የሚወጣው ሳጥን ባዶ ሆኖ።

ከውጭ ባምላኩ ይጠብቃት ነበር። ሰብሊ ከአጠገቡ ቆማ ታለቅሳለች።

«ከዝርዝሩ አልገባህም» አለችው አቻምየለሽ።

«ሰማሁ።»

«ትቀየመኛለህ?»

ባምላኩ ወደ ባሕሩ አየ። «እቀየምሻለሁ» አለ። «ዛሬ እቀየምሻለሁ። ሁለት ናቸው ስትይ ግን ድምፅሽ ከኋላ ድረስ ይሰማ ነበር።» ከዚያ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ነበርና አነሣላት።

ሰብሊ፣ «ወንድምዓለም፣ እኔ ልውጣ። አሁን ገብቼ ልንገራቸው» አለችው።

«የት ልትሄጅ? ያንን ሽማግሌ ልታገቢ?» አላት። «እማ ያልሰረዘችሽን አንች ራስሽን አትሰርዢም። ይልቅ ያ ሞተር አይነሣም ያላችሁ እንደሆነ፣ ከምሥራቁ በኩል ነፋስ ሲነሣ ወደ መካከል አትግቢ። ድንጋዩ ከትልቁ ሾላ ፊት ለፊት ነው።»

እናታቸው ሁለቱን ትታ ወደ ፊት ሄደች። ባምላኩ ስለ ውሃው የሚያውቀውን ለእህቱ እየነገረ ከኋላ መጣ። ያን ዕለት አልጨረሰውም፤ በሚቀጥሉት ቀናት ሰብሊን በታንኳው እያስቀመጠ መቅዘፍ አስተማራት። አቻምየለሽ ከዳር ሆና ሁለቱንም በአንድ ታንኳ ስታይ ውጡ ልትላቸው ይቃጣታል። ግን አትጠራቸውም ነበር።

ቤቶቹ ከፋሲካ በኋላ ፈረሱ። ዐሥራ አንዱም አባወራና እማወራ ወደ ኮረብታው ወጡ። የእግር መንገዱ ተነጠፈ፤ የከብቱ መውረጃ ሰፋ። አቻምየለሽ ሦስተኛ ዓመት ትምህርቷን ቀጠለች።

ሰብሊ ቀረች፤ ከማኅበሩ ጋር በጀልባው ላይ ትሠራለች። ባምላኩ ግንቦት ከገባ በኋላ ወደ ጢስ ዓባይ ሄደ፤ እዚያ ፏፏቴውን ሊያዩ የሚመጡትን የሚያሻግሩ ሰዎች ተቀብለውታል።